ላልበሰለ ሐሳብ ማደሪያ፦ ለጸሐፊዎች የሚነደፍ ሶፍትዌር ከየት ይጀምር?

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር በቅድሚያ የሚሰጠው ቅጽ ነው። ምዕራፍ አንድ የጥናቱ ዳራ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ ጠቀሜታ፣ ወሰን፤ ምዕራፍ ሁለት የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፤ ምዕራፍ ሦስት የአጠናን ዘዴ፤ እንዲህ እያለ እስከ ምዕራፍ አምስት ይዘልቃል። ቅጹ ምን የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ የሚቀመጠው ነገር ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። ተማሪው ሲያነብ ያደረበት ጥርጣሬ፣ ከመስክ የሰማት አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ ታክሲ ውስጥ ብልጭ ያለለት ግምት ገና ስም ሳይወጣላቸው “ዳራ ናችሁ ወይስ ጠቀሜታ?” ተብለው ይጠየቃሉ። መልስ የሌለው ሐሳብ ከቅጹ ውጭ ይቀራል፤ ከቅጹ ውጭ የቀረውም አብዛኛውን ጊዜ ከጥናቱ ውጭ ይቀራል።

ጸሐፊዎች ሐሳብ እንዲያፈልቁና እንዲያደራጁ የሚረዱ ሶፍትዌሮች ከስድሳ ዓመት በላይ ሲታሰቡና ሲሠሩ ኖረዋል። ከታሪካቸው የሚገኘው ዋና ትምህርት፣ የዚህ ጽሑፍም መከራከሪያ፣ የሚከተለው ነው፦ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ግዴታው ሐሳብን ማደራጀት ሳይሆን ያልተደራጀ ሐሳብ ሳይጠፋ፣ ሳይገደድና በተፈለገ ጊዜ እየተገኘ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ከሦስቱ እጅግ አስቸጋሪው፣ ትኩረት የተነፈገውም የመጨረሻው ነው፤ መገኘቱ።

ከአስቤዛ ዝርዝር እስከ ካርድ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1962 የሰውን የማሰብ ኃይል በመሣሪያ ስለማጎልበት ሰፊ ዘገባ አቅርበው ነበር። በዘገባው ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ እርሳስን ከጡብ ጋር አስሮ መጻፍ። ጡብ በተሸከመ እርሳስ የሚጽፍ ሰው በዝግታ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ይንጋደዳል። ኤንግልባርት ሊሉ የፈለጉት ግን ከዚያ ያልፋል፤ መጻፊያው ሁሉ እንዲህ ከባድ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ አስተሳሰብና ዕውቀቱን የሚያደራጅበት መንገድ ራሱ ሌላ ይሆን ነበር። መሣሪያው ከሐሳቡ በኋላ የሚመጣ አገልጋይ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን አስቀድሞ ይቀርጸዋል።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1968 እ.ኤ.አ.፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦቻቸው መሣሪያውን በተግባር አሳዩ። ለዛሬ አንባቢ የሚያስገርመው ለማሳያ የመረጡት ጽሑፍ ነው፤ የአስቤዛ ዝርዝር። ሙዝ፣ ካሮት፣ ሾርባና የመሳሰለውን በዘፈቀደ ጻፉ፤ ከዚያም በየዓይነቱ መደቡት፤ ዝርዝሩን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ከላይ ወደ ታች አዛወሩት። በአማርኛ የድርሰት ትምህርት “አስተዋጽኦ” ወይም “ቢጋር” የሚባለው ነገር በኮምፒውተር ላይ ሕይወት ዘርቶ ለብዙ ተመልካች የታየው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዴቭ ዋይነር የሠሩት “ቲንክታንክ” የተባለ ፕሮግራም ይህንኑ ጥበብ በግል ኮምፒውተሮች ላይ አመጣው። ዛሬ በየቢሮው ያለው የማይክሮሶፍት ወርድም የቢጋር ገጽታ አለው፤ ብዙ ተጠቃሚ ግን ከፍቶት አያውቅም።

ቢጋር ያስገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። አንድን ርእስ ከነልጆቹና ከነልጅ ልጆቹ አንሥቶ ሌላ ቦታ መትከል በወረቀት ላይ መቀስና ሙጫ ይጠይቅ ነበር። ችግሩ ቢጋር የዛፍ ቅርጽ ያለው መሆኑ ነው። በዛፍ ላይ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ወላጅ ብቻ አለው። ለአስቤዛ ይህ አያስቸግርም፤ ሙዝ ፍራፍሬ ነው፣ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። የጥናት ሐሳብ ግን እንደ ሙዝ አይደለም። ዛሬ ማስረጃ የመሰለው ነገ ጥያቄ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሙሉው ጽሑፍ ርእስ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ተማሪ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ገበሬው በማሳው ላይ የሚያደርገውን ጥበቃ መጨመር አለመጨመሩን ልታጠና ተነሣች እንበል። ቢጋሯ የተስተካከለ ነው፤ እርከን፣ የዛፍ ተከላ፣ የማዳበሪያ አጠቃቀም። በመስክ ሳለች ከአንዲት ባለይዞታ የሰማችውን በማስታወሻዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ስሟ ደብተሩ ላይ አለ፤ ደብተሩ ግን የሚቀመጠው በባሏ ወንድም ቤት ነው።” ይህች ማስታወሻ በቢጋሩ ውስጥ ቦታ የላትም፤ እርከንም ዛፍም ማዳበሪያም አይደለችም። ሶፍትዌሩ “የት ላስቀምጣት?” ብሎ የሚያስገድድ ከሆነ ወይ “ልዩ ልዩ” በሚባለው መቃብር ትገባለች፣ ወይ ጨርሶ አትጻፍም። ቆይታ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር ብትገናኝ ግን የጥናቱን ጥያቄ ራሱን ልትለውጠው ትችል ነበር፤ ደብተር መኖሩ ሳይሆን ደብተሩ በማን እጅ መሆኑ ወደሚል ጥያቄ።

ይህን ችግር ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል “ኖትካርድስ” የሚባል ሶፍትዌር ተሠርቶ ነበር። ሐሳብን እንደ ወረቀት ካርድ ለየብቻው እየመዘገበ ካርዶቹን በማገናኛ ያያይዛል። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበሩት ፍራንክ ሃላስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ የሥራቸውን ጉድለት ራሳቸው በግልጽ ዘረዘሩት። እያንዳንዱ ካርድ ርእስና የሚገባበት ሣጥን ነበረው፤ ጸሐፊው ግን በሥራው መጀመሪያ ላይ ርእሱንም ሣጥኑንም የሚያውቅበት ደረጃ ላይ አልነበረም። በዚያው ማእከል በኋላ የተሠራው “አኳኔት” ከዚያም የጠበቀ ነበር፤ ሐሳቦች በምን ዓይነት ዝምድና እንደሚያያዙ ተጠቃሚው አስቀድሞ እንዲደነግግ ይጋብዛል። ተጠቃሚዎቹ ያደረጉት ግን ሌላ ነው። የተዘጋጀላቸውን የዝምድና ዓይነት ትተው ካርዶቹን በገጹ ላይ ማቀራረብና ማራራቅ ጀመሩ። ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለት “በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም” ማለት ነበር። ካትሪን ማርሻልና ፍራንክ ሺፕማን ከዚህ ተምረው፣ ቦታን ብቻ እንደ ትርጉም የሚቆጥር “ቪኪ” የተባለ ሶፍትዌር ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1999ም ተጠቃሚን ሥርዐት ባለው መግለጫ ማስገደድ ጎጂ ነው የሚል ጽሑፍ አወጡ። እንግሊዛዊው ቶማስ ግሪን ለዚሁ ችግር የሰጡት ስም በአማርኛ “ያለጊዜው መወሰን” ሊባል ይችላል።

የጽሕፈት ሥነ ልቡና ጥናትም ከዚሁ ይደርሳል። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ጸሐፊዎች እየጻፉ ሐሳባቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ በማድረግ ባገኙት መረጃ ላይ ተመሥርተው፣ ማቀድ፣ መጻፍና መከለስ ተራ በተራ የሚመጡ ደረጃዎች እንዳልሆኑና እርስ በርስ እየተቋረጡ የሚሠሩ መሆናቸውን አሳዩ፤ ጸሐፊው በጻፈው ነገር ምክንያት ግቡን ራሱን ይለውጣል። ካርል በራይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ እ.ኤ.አ. በ1987 በመጽሐፋቸው የለዩአቸው ሁለት የአጻጻፍ መንገዶች ለዚህ ክርክር ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማሉ። አንዱ የሚያውቁትን መናገር ነው፤ ሌላው በመጻፍ የሚያውቁትን መለወጥ። አምስት ምዕራፍ ያለው ቅጽ ለመጀመሪያው ይበቃል። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ግን የሚጠየቀው ሁለተኛውን ነው።

“አንድም” እንደ ንድፍ

ሐሳብን ሳይቋጩ የማቆየት ልማድ በአገር ውስጥ የትምህርት ታሪክ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ወረቀት ሳይዝ ቃሉን በልቡ ሲያነሣና ሲጥል ቆይቶ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ሁለት ስንኝ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ለጀማሪው ቀን ትፈጃለች። (“መቁጠር” የሚለው ቃል እዚህ መግባቱ ኮምፒውተር ለሚነድፍ ሰው ልብ የሚባል ነው፤ በግእዝ “ሐሰበ” ማለትም ማሰብም መቁጠርም ነው፤ “ባሕረ ሐሳብ” የዘመን ስሌት መሆኑ ከዚያ ይመጣል።) የቅኔ ቤት ሥርዐት ለማሰቢያ የሚሆን፣ ማንም የማያይበት ጊዜና ቦታ ከፍሎ ሰጥቷል። መምህሩ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ለነዳፊ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የአንድምታ ትርጓሜ አቀማመጥ ነው። የአንድምታ ሊቃውንት ለአንድ ንባብ አንድ ፍች ሰጥተው አያቆሙም፤ “አንድም” እያሉ ሌላውን ፍች ከጎኑ ያኖራሉ፤ ሁለተኛው የፊተኛውን አይሰርዘውም። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው የጽሑፍ ሶፍትዌሮች ይህን አይችሉም። የፋይሉን የቀድሞ ቅጂዎች ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን የቀድሞው ቅጂ የተሻረ ነው፣ አዲሱ የጸደቀ። ጸሐፊ የሚያስፈልገው ሁለት ገና ያልተሸነፉ አደረጃጀቶችን በአንድ ጊዜ አጠገብ ለአጠገብ ማየት ነው፤ እነዚሁ አርባ ማስታወሻዎች በዘመን ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ምን ይመስላሉ፣ አንድም በባለጉዳዮቹ ቢደረደሩ ምን ይመስላሉ? ከላይ የተጠቀሰችው የደብተሯ ማስታወሻ በአንዱ አደረጃጀት ጥግ ይዛ በሌላው ከመካከል ልትቀመጥ ትችላለች፤ ይህን ጎን ለጎን ማየት ራሱ የጥናት ግኝት ነው።

እርግጥ ንጽጽሩን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። የአንድምታ ፍች በሊቃውንት ተወስኖ የሚወረስ እንጂ ተማሪው እንደልቡ የሚጨምርበት አይደለም። የሚወሰደው ተቀናቃኝ ሐሳቦችን አብሮ የማኖር ቅርጹ ነው፤ ሥልጣኑ አይደለም።

የጠፋው ማስታወሻ

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም ቋንቋ ጸሐፊ ይሠራል። ያልተደራጀ ሐሳብ ግን ያለ ፍለጋ ከንቱ ነው። ሣጥን ውስጥ ያልገባ ማስታወሻ የሚገኘው በቃሉ ተፈልጎ ነውና፣ ማደራጀትን ለማዘግየት የሚፈቅድ ሶፍትዌር ሁሉ ሸክሙን በፍለጋ ላይ ይጥላል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን ዘጠና ሺህ ገደማ ካርዶች አከማችተው የሠሩት እያንዳንዱን ካርድ በቁጥር እየለዩ በእጅ በማገናኘት ነበር፤ የሁለት ዓመት የትምህርት ጊዜ ብቻ ያለው ተማሪ ያን ያህል ትዕግሥት አይጠየቅም። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቃል ይተይባል፤ ማስታወሻው ይመጣል። በአማርኛ አይመጣም።

ምክንያቱ ከፊደሉ ይጀምራል። ተማሪዋ “ደብተር” ብላ ትፈልግ። በማስታወሻዎቿ ውስጥ ያሉት ግን “ደብተሩ”፣ “ደብተሯን”፣ “ደብተራችን”፣ “ደብተሮቹ” ናቸው። በላቲን ፊደል ቢጻፍ የቃሉ ተነባቢዎች ባሉበት ይቆዩና ቅጥያው ከኋላ ይጨመር ነበር። በግእዝ ፊደል ግን “ር” ራሷ ወደ “ሩ”፣ “ሯ”፣ “ራ”፣ “ሮ” ትለወጣለች፤ ለኮምፒውተሩ እነዚህ አምስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ተራው ፍለጋ “የደብተር” እና “በደብተር” የሚሉትን ብቻ አግኝቶ የቀሩትን ሁሉ የለም ይላል። በዚያ ላይ አንድ ድምፅ የሚጋሩ ፊደላት አሉ፤ “ጽሑፍ”፣ “ጽሁፍ”፣ “ፅሑፍ”፣ “ፅሁፍ” በአንድ ሰው ማስታወሻ ውስጥ ሳይቀር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስልክ ላይ በጥድፊያ የሚጽፍ ተማሪ የሠራዊትንና የሰማይን “ሰ” እየለየ አይጽፍም፤ ሊለይ ይገባል ብሎ መገሠጽም የሶፍትዌር ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው ዕትም ሲገባ አብዛኞቹ የፊደል ቤተሰቦች ስምንት ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት፣ ስምንተኛው እንደ “ሯ” ላለው ዲቃላ። ስለዚህ ማንኛውንም ፊደል ወደ ሳድሱ መመለስ ጥቂት የሒሳብ መሥመሮችና ለልዩ ፊደላት የሚሆን አጭር ሠንጠረዥ ብቻ ይጠይቃል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውንም ወደ አንድ መጠቅለል እንዲሁ። “ደብተሯን” “ድብትርን” ይሆናል፤ “ደብተር” “ድብትር” ይሆናል፤ ይገናኛሉ። “ሰበረ” ብሎ የፈለገም “ይሰብራል”ንና “ስብራት”ን ያገኛል።

ይህ መንገድ ሁሉን አይፈታም። “ጻፈ” ብሎ የፈለገ “ጽሑፍ”ን አያገኝም፤ በመካከል የግእዙ “ሐ” አለች። “ወሰደ” “ወሳጅ”ን፣ “ከፈለ” “ከፋይ”ን አያገኙም፤ የመጨረሻው ተነባቢ ይለወጣልና። ለእነዚህ የቃሉን ሥር የሚተነትን ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ የሠሩት “ሆርንሞርፎ” ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በሌላ በኩል ቀላሉ መንገድ ከሚገባው በላይም ያገኛል። “ደብተራቸው” ሲባል የጽሕፈት ደብተራቸው ይሁን የቤተ ክርስቲያኑ ደብተራ ዐይን ካላየው አይለይም። ይህ ግን ለፍርድ ቤት መዝገብ እንጂ ለሐሳብ ማደሪያ ጉድለት አይደለም። ያልተጠበቀ ማስታወሻ ከተጠበቀው ጋር አብሮ ብቅ ማለቱ ለጸሐፊ ሲሳይ ነው፤ የሚጎዳው የነበረው ማስታወሻ የለም መባሉ ነው። በምርምር ሥራዎች የፍለጋ ብቃት የሚመዘንበት መለኪያ ሁለቱን ስሕተቶች ብዙ ጊዜ እኩል ይቆጥራል፤ በዚህ ጉዳይ እኩል አይደሉም።

ሌላም የቋንቋ ነገር አለ። አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው መረጃውን የሚሰበስበውና የሚጠራጠረው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። ማስታወሻው ቅይጥ ይሆናል፤ ግማሽ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ የሙያው ቃል በእንግሊዝኛ። ሶፍትዌሩ ይህን ቅይጥ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ተፈጥሯዊ ሁኔታ ሊቀበለው፣ ተጠቃሚው “የመሬት ይዞታ” እና የእንግሊዝኛ አቻው አንድ ናቸው ብሎ አንድ ጊዜ ከነገረው በኋላም አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ሊያመጣለት ይገባል።

ቢጋሩን ማሽን ሲሠራው

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ጥያቄ ይነሣል። ርእስ ይሰጡታል፤ በሰከንዶች ውስጥ አምስት ምዕራፍ ከነንኡስ ርእሱ ይሰጣል። ቅጹም ይሞላል፣ አማካሪውም የሚያየው የተስተካከለ ነገር ያገኛል። ነገር ግን ማሽኑ የሚሰጠው ቢጋር ስለ ርእሱ ብዙ ሰዎች ከጻፉት የተጨመቀ የተለመደ መልክ ነው። ስለ መሬት ይዞታ ደብተር ቢጠየቅ እርከንን፣ ዛፍንና ማዳበሪያን ይዘረዝራል፤ ደብተሩ በማን ቤት እንደተቀመጠ አያነሣም፤ ያን የሰማችው ተማሪዋ ናትና። ያለጊዜው መወሰን ቀድሞ የሶፍትዌር ጉድለት ነበር፤ አሁን እንደ አገልግሎት እየቀረበ ነው። በበራይተርና በስካርዳማሊያ ቋንቋ፣ ማሽኑ የሚታወቀውን ይናገራል፤ ተማሪው ግን የሚያውቀውን የሚለውጥበት ዕድል ያመልጠዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከእንዲህ ያለ መሣሪያ ይወገድ ማለት አይቻልም። ተራው ይለወጥ እንጂ። ጸሐፊው ራሱ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች አንብቦ “በግንቦት የጻፍከው በመጋቢት ከጻፍከው ጋር ይጋጫል”፣ “ይህን ማስታወሻ ከጻፍከው አራት ወር ሆነው፤ ከየትኛውም ክምር ጋር አልተጠጋም” ብሎ የሚጠቁም ማሽን ጠቃሚ ነው። መጠቆምና መጻፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ነዳፊው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መከልከል ይችላል፣ ይገባዋልም።

ከአማካሪዎች በኩል የሚነሣው ተቃውሞ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ተማሪው ጊዜ የለውም፤ ያለ ቢጋር የተለቀቀ ተማሪ ይባዝናል፤ ማስታወሻ ሲያገላብጥ የማቅረቢያው ቀን ይደርሳል። ይህ እውነት ነው፤ ሐሳብን ማንሸራሸር ከመጻፍ መሸሻ ሊሆንም ይችላል፤ ማስታወሻ መያዣ ሶፍትዌሮችን ማስዋብ ራሱን የቻለ ሥራ ፈትነት ከሆነ ሰንብቷል። ነገር ግን ተቃውሞው ቢጋር ይቅር ለሚል እንጂ ቢጋር ይዘግይ ለሚል መልስ አይሆንም። ቅጹ በመጨረሻ መሞላቱ አይቀርም። ክርክሩ ከመሞላቱ በፊት ላሉት ሦስትና አራት ወራት ነው፤ ዛሬ በእነዚያ ወራት የተማሪው ሐሳብ የሚያድረው የት ነው? ብዙው በቴሌግራም ለራሱ በሚልከው መልእክት ውስጥ፣ በስልኩ ፎቶ ውስጥ፣ በደብተር ጀርባ ላይ። ለሐሳብ ማደሪያ ተብሎ ያልተሠራ መሣሪያ ሥራውን ደርቦ እየሠራ ነው፤ መልእክቶቹ በቀን ተደራርበው ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ አይቻልም፤ በአማርኛ ተፈልገውም በቀላሉ አይገኙም።

ስለዚህ በኮምፒውተር ሳይንስና በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች አንድ የሚነካ ሥራ አላቸው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ርእስ ሳይጠይቅ ማስታወሻ የሚቀበል፣ በስልክ ላይ የሚሠራ፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይቆም፣ ማስታወሻዎቹን በነጻ ገጽ ላይ ማቀራረብና ማራራቅ የሚፈቅድ፣ ሁለት አደረጃጀት ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ በፊደል አጥንት የሚፈልግ። ድምፅ መቀበልም ይኖርበታል፤ በአማርኛ አንዲት ፊደል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ መንካት የጡብ ያህል ባይከብድም፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ለሚጽፍ ሰው አይቀልም።

ምዘናው ግን እንደተለመደው “ሶፍትዌሩን ወደዱት ወይ?” በሚል መጠይቅ ሊያልቅ አይገባም። መታየት ያለበት የመጀመሪያው ወር ጥያቄና የመጨረሻው ወር ጥያቄ አንድ መሆን አለመሆኑ፣ ስንት ማስታወሻ ከተቀመጠበት ክምር ወጥቶ ሌላ ክምር እንደገባ፣ ብቻዋን የቆየች ማስታወሻ መቼ ጎረቤት እንዳገኘች ነው። ይህን መረጃ ሶፍትዌሩ ራሱ ሊመዘግብ ይችላል፤ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የሚመዘገበው የተማሪው ያልበሰለ ሐሳብ ነውና፣ አማካሪው ወይም ትምህርት ክፍሉ እንዳሻው የሚያየው ከሆነ ተማሪው የሚጽፈው ለመታየት የተዘጋጀውን ብቻ ይሆናል፤ ማደሪያውም ተመልሶ ቅጽ ይሆናል። ስለዚህ ማስታወሻው በተማሪው ስልክ ላይ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ከዚያ የሚወጣውም ተማሪው ቆጥሮ ሲጨርስ በራሱ እጅ የመረጠው ብቻ እንዲሆን ከመጀመሪያው የንድፍ ስብሰባ ላይ መወሰን ይኖርበታል።